የደሴው ሐኪም

ቆቦ፣ ሐምሌ 13 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለልጄ ለሔራን፣

ደሴ ውስጥ ሐኪም አልነበረም። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለሞላም፣ ለነፍስ አባቴም፣ ለጎረቤቴ ለሰይዳም። አንቺ ገና ዳዴ እያልሽ ሳለ እኔና ሞላ «ልጅ ፍለጋ፣ ሐኪም ጋ» ብለን የሄድነው መንገድ ውሸት ነበር። ውሸቱም የእኔ ብቻ ነበር።

ሰላምታ ሳላስቀድም በዚህ መጀመሬን ይቅር በይኝ። ሰላምታ ካስቀደምኩ ወሬ ይከተላል፤ ወሬው ሲያልቅ ወረቀቱም ያልቃል። ሰሞኑን ይህን ደብዳቤ እየጀመርኩ ስቀድ ሰንብቻለሁ።

እንዴት ነሽ? የጋሸና ብርድ እንዴት አደረገሽ? ዮናስስ? ቆላ ያደገ ሰው ደጋ ሲመደብ መጀመሪያ ጉልበቱን ነው የሚይዘው፤ ወፍራም ካልሲ አይለይሽ። እኛ ደህና ነን። ማሽላው ጉልበት ደርሷል። እዚህ ጠብ አላለም፤ ደጋው ላይ ግን ደመናው ተኝቶ ይውላል። ሰይዳ «ዱዓዬ ከአንቺ ጋር ነው በያት» ብላለች። እኔ ምንም አላመመኝም።

ያለፈው እሁድ ስትደውዪ «እማ፣ ከተማ ምረጪልን» አልሽኝ። ከሠርጋችሁ ወዲህ ሁለታችሁ ብቻችሁን ውላችሁ እንደማታውቁ፣ አንድ ቅዳሜና እሁድ ከተማ ሄዳችሁ ልታርፉ እንዳሰባችሁ ነገርሽኝ። ዮናስ ከኋላሽ ሆኖ ይሰማኛል። «ባሕር ዳር በያት። ሐይቅ አለ፣ ዓሣ አለ።»

«ዓሣ ከሆነ ገበያ እገዛልሃለሁ» አልሽው። ከዚያ መቀሌን ጠራሽ፣ ከዚያ ደሴን። «እኔ ልቤ ደሴ ነው፣ እማ። አንቺና አባባ ፎቶ የተነሳችሁበት ቤት ካለ እዚያው ገብተን እንነሳለን። አንቺ በሕይወትሽ እንደዚያ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም።»

«መስመሩ ተቆረጠ እንዴ?» አልሽ።

«የለም፣ አለሁ። ፈቃድ ሰጡሽ?»

ሳቅሽ። «ጤና ጣቢያው ላይ ተረኛ ነኝ። የሥራ ባልደረባዬ ራሔል ግን ትገባልኛለች። እናቴ ታማለች ብያታለሁ። ለሽርሽር ነው ብላት እሺ አትልም፤ ለእናት ሲባል ማን እምቢ ይላል? ብትደውልልሽ ትንሽ ሳል ሳል አድርጊ እሺ።»

እጽፍልሻለሁ አልኩሽ። «ለሁለት ቀን መንገድ ደብዳቤ?» ብለሽ ስቀሽ ዘጋሽው። እነሆ ጻፍኩ። ይህን ካነበብሽ በኋላ ልትጠዪኝ እንደምትችዪ፣ እኔም ላጣሽ እንደምችል አውቄ ነው የምጽፈው። ከአንቺ ሌላ ልጅ የለኝም።

እናትሽ አንቺን ወልዳ በአራስ ቤት እንደ ሞተች ታውቂያለሽ። አባትሽ ይርጋ፣ የሞላ ታናሽ ወንድም፣ አንቺን አቅፎ ወደ እኛ ግቢ እንደ ገባ ታውቂያለሽ። ጎርፍ እንደ ወሰደውም ታውቂያለሽ። የማታውቂው ያን ቀን እዚያ ቦታ ለምን እንደ ቆመ ነው።

እኔና ሞላ ከተጋባን ስድስተኛ ዓመታችን ነበር። ግቢያችን ያኔ ከቆቦ ወጣ ብሎ ሆርማት ወንዝ ዳር ነበር። ቤቱ ሰው አያጣም። ወይ የሞላ ዘመድ ከደጋ ወርዶ ያድራል፣ ወይ ከአፋር ፍየል አብረውት የሚነግዱ የይርጋ ሸሪኮች ይመጣሉ። እኔና ሞላ ብቻችንን ከአንድ ትሪ በልተን አናውቅም። ክፉ ሰው አልነበረም። ሰው ፊት ግን «አንቺ» ነው የሚለኝ፤ የአገሩ ወግ ነው። ስሜን የሚጠራው ብቻችንን ስንሆን ነው፤ ብቻችንን የምንሆንበት ጊዜ ደግሞ አልነበረም።

ማንበብ የጀመርኩት ያን ሰሞን ነው። ፊደሉን ሞላ በልጅነቱ ከቆጠረበት ከተቀዳደደ ገበታ ለቀምኩ፤ የቀረውን ባለሱቆች ስኳርና ሻይ ቅጠል የሚጠቀልሉበት ጋዜጣ አስተማረኝ። ከዚያ በአንዱ ላይ ስለ ደሴ የተጻፈ ነገር አገኘሁ። ግማሹ ተቀዷል። በክረምት ጭጋግ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን እንደሚሸፍን፣ ሰው ከሰው ካልተጠጋ እንደማይተያይ ይላል። እኛ ዘንድ በነሐሴ ድንጋዩ ያቃጥላል። በዚያ ጭጋግ ውስጥ ከሞላ ጋር ብሄድ ብዬ አሰብኩ። ማን ያየናል? ስሜን ጮክ ብሎ ቢጠራኝ የሚሰማ ጎረቤት የለም።

እንዴት ብዬ ልንገረው? ባልና ሚስት ተያይዘው መንገድ የሚገቡት ለለቅሶ ነው፣ ለሠርግ ነው፣ ለጠበል ነው፣ ለሐኪም ነው። እንዲያው ለራሳቸው ብለው፣ ያውም በክረምት እርሻ ትተው ከተማ ሊያዩ ሄዱ ቢባል «ጠገቡ» ይባላሉ። ልጅ የሌላት ሴት ግን አንድ ነገር ይፈቀድላታል፤ ልጅ ፍለጋ ብትወጣ ማንም አይመልሳትም። እንዲያውም ይመርቃታል። እኔም በዚያ በር ወጣሁ። ደሴ ለመሀን መላ የሚያውቅ ሐኪም አለ አሉ ብዬ ለሞላ ነገርኩት።

«ሐኪም ከሆነ ወልዲያስ?» አለኝ። «ጠዋት ሄደን ለማታ እንገባለን።»

«የደሴው ይሻላል አሉ።»

«ማነው ያለው?»

«ሴቶቹ።» ማንም ሴት እንዲህ አላለችኝም።

«መቀሌስ?»

«መቀሌ ማን አለን?»

«ደሴስ ማን አለን?»

«ደሴ ይበርዳል» አልኩት።

«ብርዱን ነው የምትታከሚው?» ብሎ ሳቀ። እሺም አለ።

ወልዲያን ያልፈለግኳት ቅርብ ስለሆነች ነው። ከወልዲያ ሰው በዕለቱ ይመለሳል። እኔ ማደር ግድ የሚሆንበት ከተማ ነበር የምፈልገው።

አንድ ነገር ብቻ ያዘን፤ ተራው። አንቺ በትምህርት ከእርሻ ርቀሻልና ላስታውስሽ። ቆላው ላይ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ ይዘንባል፤ ውሃው በደረቁ ወንዝ እየጋለበ ይመጣል። ያንን ጎርፍ በግንድና በቅርንጫፍ ጠልፎ ወደ ማሽላው የሚመራ ሰው በየተራው ወንዝ ዳር ይቆማል። ተራውን የሳተ ሰው የዚያን ዓመት እህል ሳተ ማለት ነው። ተራ የሚሰጠው ሽማግሌ አያ ሙላው ያን ቅዳሜ ለሞላ ሰጠው።

«ሌላ ሳምንት እንሂድ» አለኝ ሞላ።

«ሐኪሙ የሚገኘው በዚህ ቅዳሜ ነው» አልኩ። ይህን ስናገር ምላሴ አልተያዘም።

ይርጋ አንቺን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ይሰማናል። «እኔ እቆምለታለሁ። ሕፃኗን ሰይዳ ትይዝልኛለች» አለ።

«አንተ ፍየል እንጂ ጎርፍ ነድተህ አታውቅም» አለው ሞላ።

«ያው ነው። ፊቱ ካልቆምክ ያልፍሃል።»

«ፊቱ ከቆምክም ያልፍሃል።»

«ሂድ ወዲያ። ልጅ ይዛችሁ ኑ እንጂ ማሽላው የት ይሄዳል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ሐኪሙ ባዶሽን ከመለሰሽ ይቺን እሰጥሻለሁ። አበላሏ ግን እንደ አባቷ ነው፤ ኋላ መልሰህ ውሰድ ብትዪኝ አልቀበልም።»

ሁላችንም ሳቅን። አንቺም ሰው ሲስቅ አይተሽ ሳቅሽ።

ዓርብ ጠዋት ስንወጣ ሞላ በር ላይ ይርጋን አስቁሞ ያስረዳዋል። «የመጀመሪያው ውሃ ትንሽ ነው፤ እንዳታምነው። እሱ ካለፈ በኋላ ወንዙ የሞተ ይመስላል። ያኔ...» ሲል የአውቶቡሱ ጡሩምባ ከዋናው መንገድ ተሰማ። እጁን ያዝኩና ሳብኩት። «ይርጋ ሕፃን አይደለም፤ አውቶቡሱ ሊያመልጠን ነው» አልኩት። ሊለው የነበረውን በኋላ ነግሮኛል። ያኔ ወደ ወንዙ እንዳትወርድ፣ ሁለተኛው እስኪያልፍ ዳር ላይ ቁም ሊለው ነበር። እኛ ግን እየሮጥን ነበር።

ደሴ ስንደርስ ጭጋጉ እንደ ተጻፈው ሆኖ ጠበቀን። ከፒያሳ ቁልቁል አንዲት አልጋ ቤት ያዝን። ሞላ ብርድ አያውቅምና ጥርሱ ይንገጫገጫል። አንድ ጋቢ ለሁለት ለብሰን መንገዱን ወጣን፣ ወረድን። ቅዳሜ ጠዋት ሐኪሙን ላጠያይቅ ብዬ ሞላን መንገድ ላይ አቆምኩትና ከአንድ ዘበኛ ሰዓት ጠይቄ ተመለስኩ።

«ቅዳሜ አይሠራም አሉ» አልኩት።

ሞላ ዐይን ዐይኔን አየኝ። «የሚገኘው በቅዳሜ ነው አላልሽም?»

«ተሳስቼ ነው።»

«እሺ ከፈለች» አለ። መሀል መንገድ ላይ፣ ሰው በአጠገባችን እያለፈ ስሜን ጠራኝ። «ታዲያ ምን እንሥራ?»

«እንዙር።»

ዞርን። ፓስታ በሹካ በላን። ሞላ ሹካውን ሲያሽከረክር ፓስታው ሸሚዙ ላይ አረፈ፤ አሳላፊው እያየን ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ፎቶ ቤት የገባነው ሳቁ ሳይለቀኝ ነው። ቀትር አለፍ ብሎ ነበር። በዚያ ሰዓት አባትሽ በሕይወት ነበረ፤ ምናልባት ጥላ ሥር ተቀምጦ ደጋውን ያይ ይሆናል። ጎርፉ የመጣው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። እኛ ያኔ መስኮቱን ዘግተን፣ ብርድ ልብስ ተከናንበን የማይረባ ወሬ እናወራ ነበር። ሞላ «በየዓመቱ እንምጣ» አለኝ።

እሁድ ስንመለስ፣ አውቶቡሱ ሮቢትን አልፎ ወደ ቆቦ ሲቃረብ ሞላ በመስኮቱ የእኛን ማሽላ አየ። ውሃው ከሥሩ ተኝቷል። «ይርጋ ሠራት» አለ። ክንዴን መታ መታ አደረገኝ። «ፍየል ነጂው ሠራት።» አጠገቡ ለተቀመጠው ለማያውቀው ሰው ሳይቀር ማሳውን አሳየው።

ቆቦ ስንወርድ ሰይዳ አንቺን አዝላ ቆማለች። ሰላም አላለችንም። ከጀርባዋ አውርዳ ሰጠችኝና «ያዣት» አለችኝ።

«ይርጋስ?» አላት ሞላ።

ሰይዳ መሬት መሬት አየች። «ኢና ሊላሂ» አለች ቀስ ብላ፤ ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

የሆነውን የነገረን አያ ሙላው ነው። የመጀመሪያው ውሃ መጣ፤ ትንሽ ነበር። ይርጋ ደህና አድርጎ ወደ ማሽላው መራው። ውሃው ሲጎድል የጠለፈበት ግንድ ተናግቶ አየና ሊያስተካክል ወንዙ ውስጥ ገባ። አያ ሙላው ከማዶ ጮኸለት። ይርጋ እጁን አነሣለት፤ ሰላምታ መስሎት ይሁን፣ «ጨረስኩ» ማለቱ ይሁን አልታወቀም። ሁለተኛው መጣ። በማግሥቱ ጠዋት ከታች አገኙት። ሙቀቱ ሬሳ አያቆይምና ሳይጠብቁን ቀበሩት።

ለቅሶው ላይ ሴቶቹ ዕንባቸውን እየጠረጉ ይጠይቁኛል። «ሐኪሙስ? ሐኪሙ ምን አለሽ?» አንቺ ደረቴ ላይ ተለጥፈሻል። ሰው የሞተው ለዚያ ሐኪም ነው፤ እንዴት ብዬ የለም ልበላቸው? ተስፋ አለሽ ብሎኛል አልኩ። እትዬ የሺ የሚባሉ አሮጊት ራሴን ዳሰሱኝ። «ሐኪሙ ተስፋ ሰጠሽ፣ ይርጋ ልጅ ሰጠሽ» አሉ። ቤቱ በለቅሶ ተናጋ። እኔ አላለቀስኩም፤ ሴቶቹም ደርቃ ቀረች ብለው አዘኑልኝ።

ሞላ ጥፋቱን ለራሱ ወሰደ። «ተራው የእኔ ነበር» ይላል፤ ከዚያ ሌላ አይጨምርም። እኔ ድስት እያማሰልኩ፣ አንቺን እያጠብኩ እሰማዋለሁ። አንድ ቃል ብናገር ያ ሸክም ከእሱ ጫንቃ ወደ እኔ ይዞር ነበር። አልተናገርኩም። ዕድሜ ልኩን ተሸከመው። ደሴም ተመልሰን አልሄድንም። ካቻምና ሊሞት ሰሞን ታሞ ተኝቶ ሳለ፣ ቆቦ በሙቀት ስትነድ፣ «ደሴ ግን በጣም ይበርድ ነበር፣ አይደል ከፈለች?» አለኝና ፈገግ አለ። ምን ያህል እንደሚያውቅ ልጠይቀው አፌን ስከፍት እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ሲነቃ ደግሞ ድፍረቱ ሄደብኝ።

ይርጋ ወደ ቤት ሲመጣ አጥሩ ጋ ቆሞ ጉሮሮውን ሳይጠርግ አይገባም ነበር። ክረምት ሲገባ፣ ደመናው ደጋው ላይ ሲቀመጥ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ጸጥ ሲል እሰማዋለሁ። እወጣለሁ። ማንም የለም። ያን ግቢ ለቀን ቆቦ ከተማ ከገባን በኋላ ይቀራል ብዬ ነበር፤ አልቀረም፤ የዚህንም ቤት አጥር አውቆታል። ሰይዳ አንድ ጊዜ «ማንን ነው የምትጠብቂው?» ብላኛለች። ዝናቡ ይመጣ እንደሆነ ብዬ ነው አልኳት። ይርጋ አይቆጣኝም። ወሬውን ሳይሰማ ስለ ሄደ ሊጠይቀኝ ነው የሚመጣው። ሐኪሙ ምን አለሽ ነው የሚለኝ። አንቺ ከደወልሽ ወዲህ ሰማዩ ጠርቶ እያለም ይመጣል።

የባሰውንም ልጻፈው። ደሴ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። በዕድሜዬ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ያን ቅዳሜ ከዕድሜሽ ቆርጠሽ ጣይው ብባል እጄ አይታዘዘኝም። ለነፍስ አባቴ ያልተናዘዝኩትም ለዚህ ነው። በውሸቱ እጸጸታለሁ፤ በጭጋጉ፣ በጋቢው፣ ስሜን በመጥራቱ ግን ልጸጸት ሞክሬ አልሆነልኝም። አንቺ ደግሞ «እማ» ብለሽ በጠራሽኝ ቁጥር ልቤ ይሞላል፤ ወዲያው ደግሞ ይህን ስም በማን ሞት እንዳገኘሁት ትዝ ይለኛል።

ራሔልን አላውቃትም። ተራሽን የምትቆምልሽ ግን አዝናልኝ መሆኑን አውቃለሁ፤ ይርጋም አዝኖልኝ ነው የቆመው። ጋሸና ላይ ጎርፍ የለም። ምናልባት ምንም አይሆንም፤ ራሔል ሥራዋን ሠርታ ትወጣለች፣ አንቺም ትረሺዋለሽ። ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም። ቢሆንስ? የታመመች እናት እንዳልነበረች የምታውቂ አንቺ ብቻ ነሽ። ሄደሽ እናቴ አልታመመችም በያት። ከባሌ ጋር ሁለት ቀን ማረፍ አምሮኝ ነው በያት፤ ነውር የለበትም። እምቢ ካለች ሌላ ሳምንት ሂዱ። እኔ አልስልልሽም።

ከተማ ምረጪልን ብለሽኛል። መቀሌንና ባሕር ዳርን አላውቃቸውም። የማውቃት ደሴን ናት፤ ውብ ናት፣ እሷ ምንም አላጠፋችም። ይህን አንብበሽ እግርሽ እሺ ካለሽ ደሴ ሂጂ፤ ጋቢ ያዙ። እምቢ ካለሽ ዮናስን ስሚውና ዓሣውን ብሉ።

እኔ አልደውልልሽም። ጥሪው ከአንቺ እንዲሆን ነው። ቢዘገይ አልቀየምም፤ ቢቀርም ምክንያቱን አውቀዋለሁ።

ሰማዩ ሲጠራ የሩቁን ደመና የሚያይ ዐይን ይስጣችሁ። ከቤት ስትወጡ ከኋላችሁ የቀረውን ሰው እሱ ይጠብቅላችሁ፤ ስትመለሱም በእግሩ ቆሞ ይቀበላችሁ። ፍቅራችሁ ሰበብ አይፈልግ።

ያሳደገችሽ
ከፈለች

ፖስታው ላይ ባለው ስም አትደንግጪ። ትምህርት ቤት ስናስገባሽ በሞላ ስም ያስመዘገብንሽ ሞላ ወላጅ የሌላት እንዳትመስዪ ብሎ ነው። እኔ እሺ ያልኩት ግን መምህሮችሽ የይርጋን ስም በየጠዋቱ ሲጠሩ መስማት ስላልቻልኩ ነበር። ሾፌሩ ጋሹ ከእጁ ወደ እጅሽ እንዲሰጥሽ ነግሬዋለሁ። «ይቺ ደግሞ ማናት?» ቢል፣ እኔ ነኝ ብለሽ ተቀበዪው።

ይድረስ ለሔራን ይርጋ፣ ጋሸና።